ያልተፈረመባቸው አርባ ቀበቶዎች

እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። ታላቅ እህቴ ግን የተገላቢጦሽ ናት፤ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ በጣም ስትናደድ ጭራሽ ይጠፋል። ጎረቤቶቻችን "የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብሎ ማን ያምናል?" እያሉ ሲስቁብን ኖረዋል።

እትዬ ነው የምላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አየር ወለድ ጦር ውስጥ የዘላዮችን ፓራሹት ስታጣጥፍ ኖራ፣ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ ተሰናብታ ቤቴ ገባች። አንድ ሻንጣና አንድ የምስክር ወረቀት፣ በቃ። ሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ቅጽ የሚሞላው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል "ሙያ?" አላት።

"ፓራሹት አጣጥፋለሁ። እመረምራለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ፈርሜ አስረክባለሁ።"

ሰውዬው ሳቀ። "እህቴ፣ እዚህ ከተማ ማን ይዘላል ብለሽ ነው?" አለና ሙያ በሚለው ቦታ ላይ "ጥበቃ" ብሎ ጻፈላት። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ምንም አልቀረኝም፤ እሷ ግን ክንዴን ጨብጣ፣ "ተይው፣ እሱ ምን ያድርግ" አለችኝ።

ስምንት ወር የመድኃኒት መጋዘን በር ላይ ቆመች። መኪና ሲመጣ የመግቢያውን ብረት ታነሳለች፣ ሲያልፍ ታወርዳለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ማጣጠፍ ሆነ ሥራዋ፤ ብርድ ልብሱን፣ የልጆቼን ዩኒፎርም፣ ፌስታሉን ሳይቀር እያራገፈች ታጥፋለች። ባለቤቴ "ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ሰላምታ ስጥ ስጥ ይለኛል" እያለ ያስቀን ነበር። እስቃለሁ፣ ግን አንጀቴ ያርራል። እየከሳች ነበራ! አንድ ቀን "ሥራው ከበደሽ እንዴ?" ብላት፣ "ሥራውማ ምኑ ይከብዳል? አንድ ቀን ብቀር ማንም ምንም አይሆንም። እሱ ነው የከበደኝ" አለችኝ።

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ የምሠራው ሸራ ቤት ነው። የጭነት መኪና ልባስና ድንኳን እንሰፋለን። የስፌት መስመሩ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ሰፊ ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ቆራጭ በእኔ ሥር ነበሩ። ታዲያ አንድ ጊዜ አዲስ ትእዛዝ መጣልን፤ ረጃጅም ሕንፃ የሚቀቡ ሰዎች በገመድ ሲንጠለጠሉ የሚታጠቁት፣ ትከሻና ጭን የሚያቅፍ የደህንነት ቀበቶ፣ ስልሳ። የድርጅቱ ባለቤት የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ስሰማ ሳላንኳኳ ቢሮው ገባሁ።

"ጋሼ፣ ሰው አለኝ።"

"ማን ነው?"

"እህቴ ናት። ወታደር ነበረች።"

"ወታደር? ሠራተኞቼን ልታስለቅስብኝ?"

"ካስለቀሰች እኔን ያባሩኝ።"

ጢሙን እየነካካ ትንሽ አሰበና "የሦስት ወር ሙከራ። በአንቺ ዋስትና" አለ።

እትዬን በዚያ ሦስት ወር ብታዩዋት! ሰው ሆነች። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሳለች፣ መንገድ ላይ ታወራለች፣ እሷ ራሷ! እያንዳንዱን ቀበቶ ትገለብጣለች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ትቆጥራለች፣ ዘለበቱን አሥር ጊዜ ትከፍታለች ትዘጋለች። ከዚያ ውስጥ በኩል ያለችው ጨርቅ ላይ ትፈርማለች። ከሰፊዎቹ አንዷ፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የምንላት፣ ሻይ እየጠጣን ጠየቀቻት።

"ሃምሳ አለቃ፣ ቀበቶ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም። ይሄን ያህል ምን ያስገላብጥሻል?"

"እኛ ዘንድ አዛዡ አንዳንድ ቀን ሳይታሰብ መጋዘን ይመጣል" አለች እትዬ። "ከመደርደሪያው አንዱን ፓራሹት ይጠቁምና 'በዚህ ላይ ማን ፈረመ?' ይላል። 'እኔ' ያለ ሰው ያንኑ አዝሎ አውሮፕላን ይወጣል።"

"ወጥቶ ምን ሊሆን?"

"ሊዘል ነዋ።"

"ውይ በሞትኩት! አንቺስ ዘለሽ ታውቂያለሽ?"

"አሥራ አራት ጊዜ።"

ሬዲዮ ለሃያ ደቂቃ ያህል ትንፍሽ አላለችም። ከተቀጠረች ጀምሮ እንዲህ ሆና አታውቅም።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ርክክቡ ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የእትዬ ሙከራ የሚያበቃውም ያው ሐሙስ። ማክሰኞ መብራት ሄደ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በእጃችን ያለቀው ሃያ ቀበቶ ብቻ ነው፤ የአርባዎቹ የጀርባ ስፌት ቀርቷል። ጋሼ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ ሰዓቱን ያሳየኛል። እትዬ የለችም፣ የጡረታ ወረቀቷን ልታስጨርስ ሄዳለች።

የቀበቶው ነፍስ ጀርባው ላይ ነው። እዚያ የብረት ቀለበት አለ፤ ጥብጣቡ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ይታጠፍና እላዩ ላይ ይሰፋል። ሰው ቢወድቅ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ እጥፋት ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ዙር መሰፋት አለበት። ሦስት ዙር ደግሞ ጊዜ ይበላል።

"እጥፋቱን አንድ ዙር ብቻ እለፉበት" አልኳቸው።

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ።

"በእኔ ይሁን አልኳችሁ! ስፉ!"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ቆራጩ ሽማግሌ መቀሳቸውን ሳያቆሙ።

"እርስዎ ሸራዎን ይቁረጡ፣ ተረቱ ይቆየን" ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ምን ብዬ አሰብኩ መሰላችሁ? ቀቢ በየቀኑ አይወድቅም፣ ቀበቶው ለወግ ነው። ደግሞስ ፈራሚዋ የገዛ እህቴ አይደለችም? ርክክቡ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፤ የማደርገው ለእሷው ብዬ ነው አልኩ። ሰው ራሱን ሲዋሽ ምላሱ አይደናቀፍም።

ሐሙስ ጠዋት የቀቢዎቹ አለቃ ፒካፑን ግቢ ውስጥ አቁሞ ገባ። ባርኔጣውም ጫማውም ቀለም በቀለም የሆነ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው ነው። ሰዎቹ አሥራ ሁለት ፎቅ ላይ ገመድ ዘርግተው እየጠበቁት ነው። እትዬ በሌሊት ገብታ ቀበቶዎቹን መርምራ ጨርሳለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር አድርጋ ለይታቸዋለች።

"እነዚህ ሃያዎቹ ይሂዱ" አለች። "እነዚያ አርባዎቹ ይፈቱ።"

"ምን ማለት ነው ይፈቱ?" አለ ጋሼ።

"እጥፋታቸው አንድ ዙር ነው የተሰፋው። አልፈርምባቸውም።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። አንዱን አንስቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገለበጥኩትና "ክሩ ስለጠበቀ ነው እንጂ ደህና ነው" አልኩ። አሥራ አንዱ ሴቶች አቀረቀሩ። እትዬ አየችኝ።

እጇን ጎትቼ ክር ማስቀመጫው ክፍል አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ።

"እትዬ፣ አፈር ስሆን ፈርሚ።"

"ማን ነው አንድ ዙር ስፉ ያለው?"

"መብራት ጠፍቶ ነበር!"

"መብራት አያዝም። ማን ነው ያዘዘው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ካልፈረምሽ ያባርርሻል! ተመልሰሽ ያንን ብረት ስታነሺና ስትጥይ ልትኖሪ ነው? ዋስ የሆንኩሽ እኔ ነኝ፣ አንገቴን አታስደፊኝ!"

ድምጿ ዝቅ አለ። "ያንን በር እንዳልመለስበት ፈርቼ ሌሊቱን ስገለባብጥ ነው ያደርኩት። እፈራለሁ፣ እሺ? ግን ብፈርምና አንዱ ቢወድቅ፣ ያ በር ራሱ ይናፍቀኛል።"

በሩን ከፍታ ወጣች። ተከተልኳት።

ጋሼ መሐል ላይ ቆሟል። "ሃምሳ አለቃ፣ ሁለት ምርጫ አለሽ። ወይ ትፈርሚያለሽ፣ ወይ ቦርሳሽን ትይዣለሽ። ካልፈረምሽ እኔው ራሴ እፈርማለሁ።"

"ይፈርሙ ጋሼ" አለች። "ግን እኛ ዘንድ የፈረመ ሰው ነው የሚንጠለጠለው።"

ሁሉም ቀና ብሎ ቆጡን አየ። ቆጥ የምንለው ጥቅል ሸራ የሚቀመጥበትን የብረት ደርብ ነው፤ ከሲሚንቶው ወለል አራት ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። ጋሼ ሊስቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም። የቀቢዎቹ አለቃ ከጋሼ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ያቺ አፍንጫዬ ላይ ያለችው ቁጣዬ እዚህ ጋ መጣች። "እኔ እንጠለጠላለሁ!" አልኩ። "የእኔ መስመር የሰፋው ነው! ምን ይሆናል?" ከአርባው ክምር አንዱን መንጭቄ ደረጃውን ወጣሁ። "ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!" አለች ሬዲዮ ከታች። ማን ሰምቷት። እዚያ አንድ ወፍራም ገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው።

እትዬ ከኋላዬ ወጣች። ታስቆመኛለች ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንድታስቆመኝ ፈልጌ ነበር። አላስቆመችኝም። የትከሻውን ጥብጣብ አስተካከለች፣ የጭኑን አጠበቀች፣ ዘለበቱን ሁለቴ ሳበችው። መንጠቆውን ጀርባዬ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ስታያይዘው ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ከኋላዬ ቆመች።

የደርቡ መከለያ በአንድ በኩል ክፍት ነው። ጫፉ ላይ ደረስኩ። በአንድ እጄ የመከለያውን ብረት ይዣለሁ። ታች ፊቶች ብቻ ይታያሉ። የቀቢዎቹ አለቃ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ልቀቅ አልኩት እጄን። አልለቅ አለ። ቁጣዬን ጠራኋት፣ ያቺ ስንት ቦታ ያዋረደችኝ ቁጣ ያን ዕለት ጥላኝ ጠፋች። ላብ አጠመቀኝ። ያ እጥፋት ጀርባዬ ላይ ነው፣ አንድ ዙር ብቻ መሰፋቱን አውቃለሁ፤ ማን እንደሰፋው፣ በስንት ሰዓት እንደሰፋው፣ ማን እንዳዘዘ አውቃለሁ።

"ፈራሁ" አልኩ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ቀሪውን ዋጥኩት።

ታች አንድ ሁለቱ ሳቁ። ጋሼ ተንፈስ አለ። "ከፍታ ማንንም ያስፈራል! ሸራ ጣሉበት ባይሆን!" ቀበቶውን አወለቅኩት። የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያለው የሸራ ጥቅል በቀበቶው ታሰረ፣ ሁለት ሰዎች ወደ ጫፉ ገፉት፣ ወረደ። ገመዱ ተወጠረ፣ የጣሪያው ብረት ጮኸ።

ያዘ።

ጥቅሉ አየር ላይ ይወዛወዛል፣ ቀበቶው ያው እንዳለ ነው። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ጋሼ እጁን አጨበጨበ። "በቃ! አየሽ? ፈርሚ።"

"አንዴ ነው የያዘው" አለች እትዬ።

"ፈርሚ አልኩሽ!"

"አልፈርምም ጋሼ።"

"እንግዲያው ቦርሳሽን ያዢ።"

አልተከራከረችም። ሽርጧን ፈታች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው። እስክሪብቶዋን ላዩ ላይ አስቀመጠች። ጋሼ የጭነት ሠራተኞቹን ጠርቶ አርባዎቹን ወደ ፒካፑ እንዲያወጡ አዘዘ። እንግዲህ አስቡት፤ ምንም ባልናገር ምንም አልሆንም ነበር። ቀበቶው ይዟል፣ ኃላፊነቴ አለ፣ ደመወዜ አለ። እትዬ ደግሞ ወደ ብረቷ ትመለሳለች፣ ሌላ ፌስታል ታጥፋለች። አንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያውን እቅፍ ይዞ በር ላይ ደረሰ።

"አቁም!" አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። "እኔ ነኝ ያዘዝኩት። አርባውም አንድ ዙር ነው። እህቴ ልክ ናት፣ እኔ ዋሽቻለሁ።"

ጋሼ ወደ እኔ መጣ። "አንቺ? አንቺ ራስሽ? ... ቢሆንም ይዟል! ሁላችንም አይተናል!"

"ድገሙት" አለ የቀቢዎቹ አለቃ። "የእኔ ሰዎች በቀን ስምንት ሰዓት ነው የሚንጠለጠሉበት። ያንኑ ቀበቶ፣ ያንኑ ጥቅል። ድገሙት።"

ጥቅሉን በሸራ መሳቢያው ሰንሰለት ወደ ላይ ሳቡት። እትዬ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳነገተች ቆማለች። ገፉት።

እንደ ጨርቅ ቀደዳ ያለ ድምፅ ነበር፣ አጭር። ገመዱ ባዶውን ወደ ላይ ዘለለ፤ ጥቅሉ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ወለሉን አንቀጠቀጠው። ቀለበቱ ብቻውን መንጠቆው ላይ ቀርቶ ይወዛወዛል። ሬዲዮ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ከቆምኩበት ቁጭ አልኩ። ጥቅሉ የወደቀው ልክ እኔ ልወድቅበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

የቀቢዎቹ አለቃ ጋሼን አልፎ ሄደና እትዬ ፊት ቆመ። "እመቤት፣ አርባዎቹ መቼ ይደርሳሉ?"

"ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ ስንት ሰዓት?"

"ሲያልቅ።"

"እርስዎ ይፈርሙባቸዋል?"

"ከፈረምኩማ ተንጠልጥዬ አሳይዎታለሁ።"

ባርኔጣውን ደፋ። "እንግዲያው እስከዚያ ሃያ ሰው ብቻ ይወጣል" ብሎ የተፈረመባቸውን ሃያዎቹን ብቻ ጭኖ ሄደ። ጋሼ ወደ ቢሮው እየገባ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ሃምሳ አለቃ፣ ሰኞ ነይና የቅጥር ደብዳቤሽን ውሰጂ" አለ። ቀጥሎ "አንቺ ደግሞ" አለኝ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ስፌት መኪና ላይ ትቀመጫለሽ። መስመሩን ሌላ ይይዘዋል።" አልተከራከርኩም። ከተወለድኩ ሳልከራከር የቀረሁበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ምላጭ ይዘን አርባውን ስንፈታ ዋልን። እትዬ ሌላ ወንበር እያለ ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። ክሩን በምላጭ ትቆርጣለች፣ በጥፍሯ ትመዛለች፣ ትቆርጣለች፣ ትመዛለች። አላየችኝም። አላስቻለኝም።

"እትዬ።"

"ወይ።"

"ብለቅ ኖሮ... ዝም ብለሽ ልታይኝ ነበር?"

ምላጩን አስቀመጠች። "እንደማትለቂ አውቄ ነበር። ስፌቱን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?"

"ብለቅስ ግን?"

ድምጿ ከመቼውም ይበልጥ ዝቅ ብሎ፣ "ከኋላሽ ቀሚስሽን ጨብጬ ነበር" አለችኝ። "በሁለት እጄ። እንደማላስቀርሽ አውቃለሁ፣ ከብደሻል። አብረን ነበር የምንወድቀው።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ተንሰቀሰቅኩ፣ አሥራ አንዱም ሴቶች እያዩኝ፣ ሬዲዮ ነገ ሰፈር ሙሉ እንደምታወራው እያወቅኩ። እትዬ ቀበቶውን ከጭኔ ላይ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ክሩን አታርጥቢው" አለችኝ። "ስፌቱ አይታየኝም።"